የተደፈነ የወጥ ቤት ማጠቢያ፦ ከየትኛው መላ ይጀመራል?

የዕቃ ማጠቢያው ውሃ አልወርድ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ምን ልጨምርበት?» ብሎ ነው። አንዱ ጎረቤት አቼቶ ይመክራል፣ ሌላው ኮስቲክ ሶዳ፣ ሦስተኛው የፈላ ውሃ። ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሠራላቸው ከልባቸው ይናገራሉ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ሊቀድሙ ይገባል እላለሁ፤ የተደፈነው የት ላይ ነው? የደፈነውስ ምንድን ነው? ለቅቤ የሚሆነው መላ ሊጥን ያባብሳል። ከማጠቢያው ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎን ውስጥ ለተጠራቀመ ቆሻሻ የሚበቃው ደግሞ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት በሚወርድ የጋራ ቱቦ ላይ ምንም አይፈይድም። ይህ ንጽጽር በልደታ ወይም በባልደራስ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ የቆየ ሕንፃ ውስጥ ለተከራየ፣ በግቢ ቤት ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ ለሚጋራ ሰው እንዲሆን ታስቦ ተጽፏል።

ከወጥ ቤታችን የሚወርደው

በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ቀዳሚው ጠላት ስብ ነው። ቅቤ የሰውነት ሙቀት ሳይደርስ ይቀልጣል፤ የበሬ ሞራ ግን ለመቅለጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጠዋቶች የከተማችን ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። በጀሪካን የተገዛ የፓልም ዘይት በእነዚያ ጠዋቶች ረግቶ አልቀዳ ሲል ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ያው ዘይት በሲሚንቶ ግድግዳ ውስጥ በሚያልፍ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይም እንዲሁ ይረጋል። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ ፈሳሽ ሆኖ ይወርድና ሁለት ሜትር ሳይሄድ ይጠጥራል፤ የሚቀጥለው ቀን ቅባት በላዩ ላይ ይለጠፋል፣ በርበሬውና የሽንኩርቱ ፍርፋሪ ደግሞ በቅባቱ ላይ። ከፋሲካና ከገና በኋላ ባሉት ቀናት የሚዘጉት ማጠቢያዎች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ለሳምንታት ሲጠብቡ የቆዩ ናቸው።

በጾም ወራት ቅባቱ ቢቀንስም ሌላው ይተካዋል። የሊጥ ቡሃቃ እጥበት፣ ከድስት ሥር የቀረ ሹሮ፣ የምስር ክክና ሩዝ በቱቦው መታጠፊያ ላይ ይተኛሉ። ከዚያ የቡና አተላ አለ። ሰዎች አተላው ደቃቅ ስለሆነ በቀላሉ የሚሄድ ይመስላቸዋል። አተላው ግን በውሃ አይሟሟም፣ በአቼቶ አይሟሟም፣ በኮስቲክ ሶዳም አይሟሟም። ቅባት ካገኘ ከእርሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ጀበና በየቀኑ በሚታጠብበት ቤት አተላውን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወይም ወደ አበባ ማሰሮ መድፋት ከሁሉም መድኃኒት የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን መለየት

ለዚህ አንድ ጆግ ውሃና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ውሃው እንደተከፈተ ወዲያው ተጠራቅሞ የሚቆም ከሆነ መዝጊያው፣ ማለትም ቱቦውን የደፈነው ነገር፣ ቅርብ ነው፤ ከማጣሪያው ሥር ወይም ሲፎኑ ውስጥ ይሆናል። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሲወርድ ቆይቶ ከዚያ የሚሞላ ከሆነ ግን መዝጊያው ሩቅ ነው። ውሃው ቱቦውን እስኪሞላ ድረስ መሄጃ ያገኛልና ግድግዳ ውስጥ ወይም ወለል ሥር የሚሄደውን አግድም ቱቦ መጠርጠር ይገባል። የሽንት ቤቱ ወይም የመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ፍሳሽም አብሮ ከዘገየ ነገሩ ከወጥ ቤቱ ወጥቷል፤ የግቢው ማንሆል ተዘግቷል ወይም የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቷል ማለት ነው።

በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ቧንቧ ሳይከፍቱ ከማጠቢያው ሥር ቆሻሻ ውሃ ወደ ላይ ከወጣ የሌላ ቤት ውሃ ነው። ከላይ ያሉ ጎረቤቶች ዕቃ ሲያጥቡ ውሃው ወደ ታች መሄጃ አጥቶ በእርስዎ በኩል ይወጣል። በዚህ ጊዜ በወጥ ቤትዎ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የማጠቢያውን ቀዳዳ በደንብ ይድፈኑ፣ በላይ ላሉት ሁሉ ውሃ እንዳይለቁ ይንገሩ፣ ከዚያም የሕንፃውን ኮሚቴ ይጥሩ። ከዚህ በታች ያሉት መላዎች መዝጊያው በራስ ቱቦ ውስጥ ላለበት ቤት ናቸው።

ሙቅ ውሃ ወይስ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ?

በስፋት የሚመከሩት ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ሲነጻጸሩ እኔ ያለማመንታት ሙቅ ውሃን እመርጣለሁ። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ የሚያሰሙት ድምፅና የሚያነሡት አረፋ ሥራ እየተሠራ እንደሆነ ያስመስላል። አረፋው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲበርድ የሚቀረው ውሃና ሶዲየም አሴቴት የሚባል ጨው ነው፤ ሁለቱም ስብ አያሟሟም። ጋዙም ወደ ላይ ክፍት በሆነው ቀዳዳ ስለሚወጣ መዝጊያውን ለመግፋት የሚበቃ ኃይል የለውም። ሽታ ለመቀነስና ማጣሪያውን ለማጽዳት ይጠቅማል፣ ጉዳቱም ጥቂት ነው፤ ለተደፈነ ቱቦ ግን ጊዜ ማባከኛ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ከቤኪንግ ሶዳ የተለየ ነገር ነው፤ ስታርች ስላለበት ጭራሽ ባይጨመር ይሻላል።

ሙቅ ውሃ በተቃራኒው ስብን በእርግጥ ያቀልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለቅቤም ለሞራም ከሚፈለገው በላይ ነው። ችግሩ ከቱቦው ጋር ነው። ለፍሳሽ የሚያገለግለው ተራ ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ለረጅም ጊዜ እንዲቆይበት አልተሠራም። ከእሳት የወረደ ማንቆርቆሪያ በቀጥታ ሲደፋበት ሊለሰልስ፣ መገጣጠሚያው ሊላላና የጎማ ማሸጊያው ሊጣመም ይችላል። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል ወደ 65 ዲግሪ ይወርዳል፤ ለአጭር ጊዜ ሲያልፍ ቱቦውን ሳይጎዳ ስቡን ለማቅለጥ ይበቃል። በማጠቢያው ውስጥ የቆመውን ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ ቀድተው ያውጡ፣ ቀዳዳው ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያፍስሱ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሙቅ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። ሳሙናው የቀለጠው ስብ በውሃው ውስጥ ተበታትኖ እንዲሄድ ይረዳል።

የቀለጠው ስብ ርቆ ካልተገፋ ግን ከሦስት ሜትር በኋላ እንደገና ይረጋል፤ ያኔ በእጅ የሚደረስበት የነበረው መዝጊያ ግድግዳ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከሙቅ ውሃው በኋላ ሦስት አራት ባልዲ ውሃ ሊከተል ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሥራ ውሃ ለሚመጣበት ቀን ማቆየት ወይም ጀሪካኖቹን አስቀድሞ ሞልቶ መጠበቅ ብልህነት ነው።

የደፈነው ሊጥ ወይም የሹሮ ዱቄት ከሆነ ሙቅ ውሃን ፈጽሞ አይንኩት። እንጀራ የሚጋግር ሁሉ አብሲት እንዴት እንደሚወፍር ያውቃል፤ የፈላ ውሃ በሊጥ ላይ ሲደፋ ቱቦው ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው፣ ሊጡ በስሎ ይጣበቃል። ለሊጥ የሚሆነው ቀዝቃዛ ውሃና የሚቀጥለው መሣሪያ ነው።

የጎማ መምጠጫ

እንጨት ወይም ፕላስቲክ እጀታ ያለው የጎማ ኩባያ ነው። በየሰፈሩ የሕንፃ ዕቃ መደብር ይገኛል፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ለዓመታት ያገለግላል። ለሽንት ቤት የሚያገለግለውን ለወጥ ቤት አለመጠቀም ግዴታ ነው፤ የወጥ ቤቱ ለብቻው ይገዛ። ጠርዙ ጠፍጣፋ የሆነው ለማጠቢያ ይስማማል።

መምጠጫው አልሠራ የሚላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አየሩን አላፈኑም። ሁለት ገንዳ ያለው ማጠቢያ ከሆነ የሁለተኛው ገንዳ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ መደፈንና ሌላ ሰው ጫን ብሎ መያዝ አለበት፤ ከጠርዙ በታች ትንሽ የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካለም እንዲሁ። ጎማው እስኪሸፈን ውሃ ይኑር። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቢቀባ በደንብ ይይዛል። ከዚያ ጎማውን ሳያነሡ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ በፍጥነት ወደ ታች ገፍቶ ወደ ላይ መሳብ፣ በመጨረሻም በአንድ ጊዜ ማላቀቅ። ወደ ላይ የሚደረገው መሳብ ከመግፋቱ እኩል ዋጋ አለው፤ የታመቀውን ነገር የሚያናጋው የሁለቱ መፈራረቅ ነው።

ከሁሉም መላ ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፤ የሊጥ፣ የሩዝና የምስር መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይለቃል። በደረቀ አሮጌ ስብ ላይ ግን ደካማ ነው፣ ከአተላ ጋር ከተጋገረውም ላይ እንዲሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከልክ በላይ አይግፉ፤ በአየር ግፊት የሚተኩሱ መሣሪያዎች በተለይ ቆሻሻውን በጋራው ቱቦ በኩል ወደ ጎረቤት ማጠቢያ ሊያስወጡት ይችላሉ።

ሲፎኑን መፍታት

ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሜ የማስበው ይህ ነው። ከማጠቢያው ሥር በዩ ፊደል ቅርጽ የታጠፈው ወይም እንደ ጠርሙስ የተንጠለጠለው ሲፎን በእጅ እንዲፈታ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው። አዲስ በሆኑ ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ፕላስቲክ ነው፤ ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ክብ ማሰሪያዎቹ ያለ መፍቻ በእጅ ይዞራሉ። ለመፍታትና ለመግጠም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ወጪው አንድ ጥንድ ጓንት ነው። ከሌሎቹ የሚለየው የደፈነውን ነገር በዓይን ማሳየቱ ነው። ቅባት ይሁን አተላ፣ የሻይ ማንኪያ ይሁን የአጥንት ስባሪ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ በግምት የሚሠራ ነገር አይኖርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቧንቧው ይዘጋ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ድንገት መጥቶ እንዳያጥለቀልቅ የማጠቢያው ሩቢኔት መዘጋቱ ይረጋገጥ። በገንዳው ውስጥ የቆመው ውሃ በኩባያ ይውጣ። ከሥር ሰፋ ያለ ሳፋ ወይም ባልዲ ይቀመጥ። የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ሲፎን ከሆነ የታችኛው ቆብ ብቻ ቢፈታ ይበቃል። የታጠፈው ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ማሰሪያዎች ይላላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የጎማ ቀለበቶቹ ናቸው፤ የትኛው ከየት እንደወጣና ቀጭኑ ጎን ወደ የት እንደዞረ መታየት አለበት። ስልክ ካለ ፎቶ ማንሣት ከሁሉ ይሻላል።

ሲፎኑ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፤ የሚወጣው ቅባት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ ይጣል እንጂ ወደ ሽንት ቤት አይደፋ። መልሶ ከመግጠም በፊት አንድ ፈተና ይደረግ፤ ግድግዳው ውስጥ ወደሚገባው ቱቦ ግማሽ ጆግ ውሃ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ከሄደ ችግሩ ሲፎኑ ነበረ፣ ሥራው አልቋል። ከተመለሰ መዝጊያው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ አሁን ለሽቦ የሚሆን ቀጥተኛ መግቢያ ተገኘ ማለት ነው። ሲገጠም ማሰሪያዎቹ በእጅ ጠበቅ ማለታቸው ይበቃል፤ በመፍቻ ሲጠብቁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ውሃ ከተለቀቀ በኋላ መገጣጠሚያው በደረቅ ሶፍት ይነካ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ቀለበቱ በትክክል አልተቀመጠም።

አንዳንድ ቤት ሲፎኑ ስለሚያስቸግር አውልቀው ቀጥ ያለ ቱቦ ያስገጥማሉ። ይህ አይደረግ። ሲፎኑ ውስጥ ዘወትር የሚቆመው ውሃ የፍሳሹን ሽታና ጋዝ ከወጥ ቤቱ የሚከላከል ነው።

በቆዩ ሕንፃዎች ያለው ሲፎን ብረት ሊሆን ይችላል። ዝገት ከያዘው በኃይል አይታገሉት፤ ክሩ ከተበላ ወይም ቱቦው ግድግዳው አጠገብ ከተሰበረ ቀላሉ ሥራ ግድግዳ ወደ መስበር ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መተው ይሻላል፣ በተለይ ለተከራየ ሰው። ተከራይ ማንኛውንም ነገር ከመፍታቱ በፊት ለአከራዩ መደወሉ በኋላ ከሚመጣ የወጪ ክርክር ያድነዋል።

ሽቦ

መዝጊያው ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ቀጣዩ ምርጫ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ የቱቦ ማጽጃ ሽቦ ነው። ለቤት የሚሆነው ሦስት እስከ አምስት ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ማዞሪያ እጀታ አለው። ሲፎኑ ከተፈታ በኋላ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ቱቦ ይገባል። እየተገፋ ይዞራል፤ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይከብዳል፣ መዝጊያው ላይ ሲደርስ ደግሞ ይለሰልሳል። እዚያ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ደጋግሞ ማዞርና ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ቆሻሻው ከሽቦው ጋር ይወጣል። ለአተላና ለደረቀ ስብ ከዚህ የሚሻል የቤት መሣሪያ አላውቅም። ጎረቤቶች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሕንፃው ሁሉ ይበቃል።

በምትኩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ፌሮ ማስገባት ነው። ፌሮ አይታጠፍም። የወጥ ቤት ፍሳሽ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ፒቪሲ ነው፤ የብረቱ ጫፍ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይበሳዋል። ቀዳዳው ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ወዲያው አይታይም። ከወራት በኋላ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ሲረጥብ ይታወቃል። ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት ሽቦም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ጨርቁ እዚያው ቀርቶ ራሱ መዝጊያ ይሆናል።

ኮስቲክ ሶዳና አሲድ

ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ የምጽፈው በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጥ ኃይለኛ ኬሚካል ነው፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በስብ ላይ ይሠራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ገደቡ ግን ጠባብ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ እየወረደ ካለና የደፈነው ስብ ብቻ ከሆነ ሊጠቅም ይችላል። ቱቦው ፈጽሞ ተደፍኖ ውሃ ከቆመ ግን ኬሚካሉ መዝጊያው ላይ ሳይደርስ በውሃው ውስጥ ይቀራል። አሁን በማጠቢያው ያለው ተራ ቆሻሻ ውሃ ሳይሆን ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ መምጠጫ የሚገፋ ሰው ፊቱ ላይ ሊረጨው፣ ሲፎን የሚፈታ ሰው እጁ ላይ ሊፈስበት ይችላል። በአተላ፣ በአጥንትና በፕላስቲክ ላይ ደግሞ ከነአካቴው አይሠራም። አልሙኒየም ያለበትን ዕቃ ይበላል፣ ሲበላም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ በጣም ስለሚሞቅ ብዙ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ የፒቪሲ መገጣጠሚያ ያለሰልሳል። በደንብ ካልታጠበም የተፈጠረው ሳሙና ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ሊጠጥር ይችላል።

ሰልፈሪክ አሲድ ወይም የመኪና ባትሪ አሲድ ወደ ቱቦ መጨመር ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ከቤት ውስጥ መላዎች ሊቆጠር አይገባም። የብረት ቱቦን ይበላል፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ቀድሞ ኮስቲክ ሶዳ የገባበት ቱቦ ከሆነ ሁለቱ ተገናኝተው በኃይል ይፈነጥቃሉ። በረኪናም እንዲሁ፤ በረኪና ከአቼቶ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መስኮቱ ጠባብ በሆነ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ትናንት አቼቶ፣ ዛሬ በረኪና፣ ነገ ሶዳ እያሉ መሞከር የተዘጋው ቱቦ ውስጥ ሁሉም ተከማችተው እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

አሁንም ለመጠቀም የወሰነ ሰው ቢያንስ እነዚህን ያክብር። ጓንትና የዓይን መነጽር ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት። ሶዳው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ ውሃ ወደ ሶዳ ፈጽሞ አይጨመር። መበጥበጫው ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬድ። የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋልና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የተረፈው ሶዳ በሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ተደርጎ ከማጠቢያው ሥር አይቀመጥ። የተሟሟ ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይመስላል፤ ሕፃን ልጅ አንድ ጊዜ ከጎነጨው የጉሮሮ ቱቦው ተቃጥሎ ዕድሜ ልኩን ምግብ ለመዋጥ ሊቸገር ይችላል። በብዙ ቤት ደግሞ ይህን ሥራ የምትሠራው ከገጠር በቅርብ የመጣች፣ የእሽጉን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የማትችል የቤት ሠራተኛ ናት። «ይህን ዱቄት ጨምሪበት» ብሎ ብቻ መንገር ግፍ ነው። ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገራትና ጓንት ካልተሰጣት እጇን አይንካው። የራስን እጅ ለማስነካት የሚያስፈራ ነገር ለእርሷም ያስፈራል።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

በኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖርና የራሱ ማጠቢያ ብቻ የተዘጋበት ሰው በመምጠጫ ጀምሮ ሲፎኑን ይፍታ፤ ኬሚካል ጭራሽ አያስፈልገውም። በዓል ካለፈ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ብቻ ከሆነ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይቅደም። በየቀኑ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ በተለይ በቤቷ ቡና ለምትሸጥ ሴት፣ ሽቦ መግዛት የሚያዋጣ ወጪ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ኮስቲክ ሶዳን ከበር ውጭ ያቁመው። በአሮጌ ሕንፃ የብረት ቱቦ ያለው ደግሞ ከመምጠጫና ከሙቅ ውሃ አልፎ ሳይሄድ ባለሙያ ይጥራ።

በግቢ ቤት የሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት የግቢውን ማንሆል ክዳን ከፍቶ ይመልከት። ማንሆሉ ደረቅ ሆኖ ማጠቢያው ከቆመ መዝጊያው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሽቦው ከማንሆሉ በኩል ወደ ላይ ሊገባ ይችላል። ማንሆሉ ሞልቶ ከሆነ ከዚያ በታች ነው፤ ወይም ጉድጓዱ ሞልቷልና የፍሳሽ ማንሻ መኪና ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጣሪያ ዝናብ ወደ ፍሳሽ ማንሆል የተገናኘበት ግቢ ብዙ ጊዜ ይሞላል፤ ያ መስመር ከፍሳሹ መለየት አለበት። የወጥ ቤትን ፍሳሽ ወደ መንገድ የጎርፍ ቦይ መቀልበስ ግን መፍትሔ አይደለም። ቦዩ የሚያደርሰው እንደ ቀበናና ግንፍሌ ወዳሉት ወንዞቻችን ነው፤ ከታች በዚያ ውሃ ዳር የሚኖርና አትክልት የሚያለማ ሰው አለ።

የጋራ ቱቦና ባለሙያ

በኮንዶሚኒየም ከግድግዳዎ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ቤተሰብ ቆሻሻው ስለወጣበት ብቻ ወጪውን ብቻውን ሊሸከም አይገባውም፤ በዚያ ቱቦ የሚጠቀሙ ሁሉ ሊያዋጡ ይገባል። መንገድ ላይ ያለው ዋና መስመር ወይም ማንሆል ከሞላ ደግሞ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 906 ነው።

የቧንቧ ባለሙያ ሲጠራ ዋጋው ከሥራው በፊት ይቆረጥ፤ ክፍያው ለመክፈት ብቻ መሆኑና የሚቀየር ዕቃ ካለ ማን እንደሚገዛ ይለይ። ኬሚካል ተጨምሮ ከነበረ ሳይደበቅ ይነገረው፤ እጁን የሚያስገባው እርሱ ነው። ግድግዳ እንሰብር ካለ ሲፎኑን ፈትቶ፣ ሽቦ አስገብቶ፣ ማንሆሉን ከፍቶ ማየቱን ይጠይቁ፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሳይሞክር መዶሻ የሚያነሣ ሰው ሌላ ይፈለግለት። ሲጨርስ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ገንዳውን እስከ አፉ ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። ውሃው ሳይንተከተክ በአንድ ድምፅ መውረድ አለበት፤ ይህንም ሁለት ጊዜ ይድገሙት፣ ምክንያቱም ሩቅ ያለ መዝጊያ በመጀመሪያው ላይ አይታወቅም። ከሥር ያሉትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ በደረቅ ሶፍት ይንኩ፤ ከሥርዎ ጎረቤት ካለም ኮርኒሱን እንዲያይልዎ ይለምኑት።